ከዋርድ ጥያቄ እስከ ማስተርስ፦ የክሊኒካል ምርምር ትምህርትን እንዴት ይጀምሩ?

የምርምር ትምህርት የሚያስብ የጤና ባለሙያ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀው «የትኛው ዩኒቨርሲቲ ልግባ?» ብሎ ነው። ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥ ይሻላል፦ በመጀመሪያ ጥያቄ፣ ቀጥሎ አማካሪ፣ በመጨረሻ ፕሮግራም። ጥያቄ ሳይዝ የገባ ተማሪ የቴሲስ ጊዜ ሲደርስ ርዕስ ፍለጋ ይባዝናል፤ ብዙ ጊዜም የሌላ ሰው ርዕስ ወስዶ የከተማውን ስም ብቻ ይቀይራል።

1. ጥያቄውን ከሥራ ቦታዎ ያውጡ

ለአንድ ወር ያህል ማስታወሻ ይያዙ። በራውንድ ላይ «ይህን ለምን እንዲህ እናደርጋለን?» ተብሎ መልስ ያጣውን ሁሉ ይመዝግቡ። ከዚያ አንዱን ይምረጡና በአራት ከፍለው ይጻፉት፦ ታካሚው ማን ነው? ምን ይደረግለታል? ከምን ጋር ይነጻጸራል? ውጤቱ በምን ይለካል? «የእርግዝና ክትትል ችግሮች» ገና ጥያቄ አልሆነም። «የስልክ መልእክት የሚደርሳቸው ነፍሰ ጡሮች ከማይደርሳቸው በተሻለ ቀጠሯቸውን ያከብራሉ ወይ?» ግን ሊመረመር ይችላል።

2. ጥያቄው የትኛው ደረጃ ላይ እንዳለ ይለዩ

ትራንስሌሽናል ምርምር የላቦራቶሪ ግኝትን ወደ ታካሚው፣ ከታካሚው ወደ ሕክምና መመሪያ፣ ከመመሪያው ወደ ጤና ጣቢያ የማድረስ ሥራ ነው። ካላ-አዛርን እንውሰድ። በምሥራቅ አፍሪካ ሕክምናው በሶዲየም ስቲቦግሉኮኔት መርፌ ብቻ 30 ቀን ይፈጅ ነበር። ኢትዮጵያን ጨምሮ በአራት አገሮች የተካሄደ ሙከራ ፓሮሞማይሲን ከተጨመረበት 17 ቀን እንደሚበቃ አሳየ፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2010 እ.ኤ.አ. ጥምር ሕክምናውን ለአካባቢው መከረ። «ጥምሩ ይሠራል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ክሊኒካል ትራያል ይፈልጋል። «እስከ ቆላ ጤና ጣቢያ ድረስ እንዴት ይዳረስ?» የሚለው ደግሞ የትግበራ ምርምር ነው። የሚያስፈልግዎትም ትምህርት እንደዚሁ ይለያያል።

3. ከማመልከትዎ በፊት በነፃ ይሞክሩት

የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ኢንስቲትዩቶች የክሊኒካል ምርምር መሠረታዊ ኮርስ በኢንተርኔት በነፃ ይሰጣሉ። የመልካም ክሊኒካዊ አሠራር (ጂሲፒ) አጭር ሥልጠናም ይውሰዱ፤ ሰርተፍኬቱን በትራያል የሚሠራ ሁሉ ይጠየቃል።

4. አማካሪና ፕሮግራም ይምረጡ

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ሲዲቲ-አፍሪካ ማዕከል በመድኃኒት ልማትና በክሊኒካል ትራያል ላይ ያተኩራል። ሥራቸውን መልቀቅ ለማይችሉ የለንደን ሃይጂንና ትሮፒካል ሜዲስን ትምህርት ቤት የክሊኒካል ትራያል ማስተርስ በርቀት ያስተምራል። የትም ቢያመለክቱ እነዚህን ይጠይቁ፦ አማካሪው አሁን የሚመራው ጥናት አለ? ስንት ተማሪ ይዟል? ባዮስታቲስቲክስ በእውነተኛ ዳታ ይሠራል? በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚማሩ ከሆነ ለብሔራዊው የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ይዘጋጁ። መሥሪያ ቤትዎ ስፖንሰር ካደረገዎ የአገልግሎት ግዴታውን ከመፈረምዎ በፊት በጥንቃቄ ያንብቡ።

5. የናሙናውን ብዛት አይገልብጡ

በአገራችን ቴሲሶች ውስጥ 423 የሚለው ቁጥር ደጋግሞ ይታያል። አመጣጡ ግልጽ ነው፦ ስርጭቱ 50 በመቶ፣ የስሕተት ወሰኑ 5 በመቶ ተብሎ ሲሰላ 384 ይመጣል፤ መልስ ለማይሰጡ 10 በመቶ ሲጨመር 423 ይሆናል። ቀመሩ የሚያገለግለው የአንድን ነገር ስርጭት ለመገመት ነው። ሁለት ሕክምና ለማነጻጸር ግን ሌላ ስሌት አለ። ለምሳሌ የኢንፌክሽን መጠን ከ20 ወደ 10 በመቶ መውረዱን በ80 በመቶ ስታቲስቲካዊ ኃይል (ፓወር) ለማሳየት በየቡድኑ 200 ገደማ ታካሚ ያስፈልጋል፤ ጥናቱን የሚያቋርጡት ሲታሰቡ ደግሞ ይጨምራል። ዳታ መሰብሰብ ከመጀመርዎ በፊት የስታቲስቲክስ ባለሙያ ያማክሩ።

6. ፈቃድና ምዝገባ ይጨርሱ

ፕሮቶኮሉን ለተቋምዎ የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ያቅርቡ። የመድኃኒት ሙከራ ከሆነ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድም ያስፈልጋል። ትራያሉን የመጀመሪያው ተሳታፊ ከመግባቱ በፊት በፓን አፍሪካ ክሊኒካል ትራያል መዝገብ ያስመዝግቡ፤ ታዋቂ ጆርናሎች ዘግይቶ የተመዘገበን ጥናት አይቀበሉም።

ከሁሉ የሚከብደው የስምምነት ቅጹ ነው። የሚያክሙትን ሰው ራስዎ ከጠየቁ «እንቢ» ማለት ሊያሳፍረው፣ ሕክምናው የሚቋረጥበትም ሊመስለው ይችላል። ስለዚህ ስምምነቱን በሕክምናው የሌለበት ባልደረባ ይጠይቅ። ቅጹ ታካሚው በሚናገረው ቋንቋ ይዘጋጅ፤ ከተነበበለት በኋላም የተረዳውን በራሱ አነጋገር መልሶ ይናገር።

7. ውጤቱን ለሚጠቀምበት ያድርሱ

ቴሲሱን ተከላክለው ሲያበቁ መደርደሪያ ላይ አይተዉት። ለጆርናል ከመላክዎ ጎን ለጎን በሁለት ገጽ ያሳጥሩትና ለሆስፒታሉ አስተዳደርና ለጤና ቢሮው ይስጡ፤ በጠዋቱ ስብሰባም ለባልደረቦችዎ ያቅርቡ። መልሱ «አይሠራም» ቢሆንም ያቅርቡት፤ የማይጠቅም አሠራር መተውም ለታካሚው ጥቅም ነው።