«ሆቢሽ ምንድን ነው?» ሲሉሽ

ነይ እስቲ ቁጭ በይ፤ ያንን ስልክሽንም አስቀምጪው። ዲሲ ዙሪያ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ሁኚ አሌክሳንድርያ፣ ከመጣሽ ገና ወራት ከሆነሽ የማወራው ላንቺ ነው። ሥራ ቦታ «እስቲ ስለ ራስሽ ንገሪን» ሲሉሽ ስምሽን ዋጥ አድርገሽ መሬት መሬቱን እንደምታዪ አውቃለሁ። አልፈርድብሽም፤ እኔም ሁለት ዓመት መሬት ሳይ ነው የከረምኩት። አገር ቤት እኮ ራሳችንን አስተዋውቀን አናውቅም። «ይቺ የእትዬ እከሊት የመጨረሻ ልጅ ናት፣ ያቺ ጎበዟ» ብሎ የሚያቀርበን ሌላ ሰው ነው፤ የኛ ሥራ አንገት ሰበር አድርጎ መቆም ነበር። እዚህ እንደዚያ የሚልልሽ ጎረቤት የለም። የጎረቤትሽን ድርሻ አንቺ ነሽ የምትሠሪው፣ ማንም ደግሞ ጉረኛ አይልሽም።

መጀመሪያ ስምሽን እናስተካክል። ቅጽ ላይ የቤተሰብ ስም በሚለው ቦታ የአባትሽን ስም ትጽፊያለሽ፤ ከዚያ ወዲያ ቢሮው ሁሉ «ሚስ ከበደ» እያለ አባትሽን ሲጠራ ይውላል። እኔማ መጀመሪያ ሰሞን ዞር ብዬ አባቴን እፈልግ ነበር። ስለዚህ ይህችን አጥኚልኝ፦ «ከበደ የአባቴ ስም ነው፤ እኛ ዘንድ የቤተሰብ ስም የለም፣ በራሴ ስም ጥሩኝ።» ይህች ብቻዋን አምስት ደቂቃ ታስወራለች። ልጅ ካለሽ ደግሞ ለትምህርት ቤቱ ቀድመሽ ንገሪ። አንቺ በአባትሽ ስም፣ ልጅሽ በባልሽ ስም ስትጠሩ ልጅሽን ልትወስጂ ሄደሽ እናትነትሽን ስታስረጂ እንዳትውዪ።

ስምሽንም አትቁረጪው፣ ሆዴ። ጥሩወርቅ ብለው ያወጡልሽን ለፈረንጅ ይቅለል ብለሽ «ቲና» አትሁኚ። ቀስ ብለሽ ሁለቴ በይላቸው። «ጥ» አልወጣ ሲላቸው አብረሽ ሳቂ፤ አብሮ የሳቀ ሰው ስምሽን አይረሳም።

«ሃው አር ዩ» የሚለው ጥያቄ እንዳይመስልሽ። ስለ ጤናሽ፣ ስለ እናትሽ ወገብ፣ ስለ ዝናቡ ልትነግሪው ስትጀምሪ ሰውየው ጥግ ታጥፏል። «ጉድ፣ አንተስ?» በቂ ነው። ስታወሪ ግን ዓይን ዓይኑን እዪ። እኛ አክብረን አንገት ስንደፋ፣ እነሱ የምንደብቀው ነገር ያለ ይመስላቸዋል።

አሁን ወደ ዋናው። «ሆቢሽ ምንድን ነው?» ይሉሻል፤ አንቺም በድሮ መጽሔት ላይ የብዕር ጓደኛ እንደሚፈልግ ሰው «መጽሐፍ ማንበብ፣ ሙዚቃ ማዳመጥ፣ ፊልም ማየት» ትያለሽ። ውሸት አይደለም፤ ግን አንቺን ከማንም አይለይሽም። እኔ ደግሞ «እንቅልፍ» ነበር የምለው። በሁለት ፈረቃ ለሚሠራ ሰው የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ማለት ሌላ ምን አለ? ሰዎቹ ይስቁና ወሬው እዚያው ያልቃል።

ይልቅ እጅሽ ማንም ሳያዘው ምን ይሠራል? እሱን ንገሪያቸው። እናቶቻችን መሶብና ሙዳይ ሲሰፉ፣ ዳንቴል ሲሠሩ ሆቢ አላሉትም፤ ሙያ ነው ያሉት፣ ሙያ ደግሞ አይወራም ተብለን አደግን። እዚህ ይወራል፣ እቴ! እኔ ኪሮሼን ቦርሳ ውስጥ ረስቼው ወደ ቤተ መጻሕፍት ገባሁ፤ አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሴቶች ክር ይዘው ተቀምጠዋል። ኪሮሼን አውጥቼ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። የዚያን ቀን አሥር የእንግሊዝኛ ቃል አልወጣኝም፣ ግን የአያቴን የዳንቴል አበባ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬላቸው ወጣሁ። በሚቀጥለው ሳምንት ወንበር ይዘውልኝ ጠበቁኝ። አንቺ ዳንቴል አትወጂ ይሆናል፤ ሹሩባ መሥራት፣ ጓሮ ጎመን መትከል፣ እግር ኳስ፣ ምንም ይሁን። ብቻ ትንሽና እውነተኛ ይሁን። «ምግብ መሥራት እወዳለሁ» ከምትይ «ትናንት ሽሮ ሠርቼ አረረብኝ» በይ። ከዚያም መልሰሽ ጠይቂ፣ አደራ! እኛ ተጠይቀን መልሰን ዝም እንላለን፤ እነሱ ደግሞ ልታወሪ ያልፈለግሽ ይመስላቸዋል።

«ኢትዮጵያዊት ነሽ? እንግዲያው ሯጭ ነሽ!» የሚልሽ አይጠፋም። አበበ ቢቂላ በፈረንጆቹ 1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሲያሸንፍ ሁላችንንም አብሮ አስሩጦናል። «እኔ የምሮጠው አውቶቡስ ሊያመልጠኝ ሲል ብቻ ነው» ብለሽ እለፊው። እንደ አምባሳደር የአገርሽን ታሪክ ከንግሥተ ሳባ አትጀምሪላቸው፤ የጠየቁሽ አንቺን ነው።

ቡና ማፍላት እወዳለሁ ማለትም ጥሩ ነው፤ ግን የኔን ስሚ። አፓርታማ በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት እንደ አገሬ ልቁላ ብዬ ምጣዱን ጣድኩ። የጭስ ማስጠንቀቂያው ጮኸ፣ ሕንጻው በሙሉ በፒጃማ ወጣ፣ የእሳት አደጋ መኪና መጣ። እኔ በነጠላ መንገድ ዳር ቆሜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እያልኩ ሳለ፣ አንዲት አዛውንት ጎረቤቴ ጠጋ ብለው «ይህ ደስ የሚል ሽታ ምንድን ነው?» አሉኝ። በሳምንቱ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ጠጡልኝ። ሕንጻው ውስጥ የመጀመሪያዋ ወዳጄ እሳቸው ናቸው።

ስለ አዲስ ዓመታችንም ስታወሪ ጠንቀቅ በይ። መስከረም 1 አብዛኛውን ጊዜ የሚውለው በነሱ ሴፕቴምበር 11 ነው። በፈረንጆቹ 2001 አርሊንግተን የሚገኘው ፔንታገን የተመታው በዚያው ቀን ስለሆነ፣ የዚህ አካባቢ ሰው ቀኑን በሌላ ያስበዋል። አበባ፣ ችቦ፣ «እንኳን አደረሳችሁ» ብለሽ ጀምሪ፤ ቀኑን በኋላ።

የማትጠይቂያቸውን ደግሞ ልንገርሽ፦ ዕድሜ፣ ደመወዝ፣ «ለምን አላገባሽም?»፣ ማንን እንደመረጡ። «ወፈር ብለሻል፣ ተመችቶሻል!» የሚለውን ምርቃት ለኔ አስቀምጪልኝ፤ እዚህ ለማንም እንዳትዪ። «አንድ ቀን ቡና እንጠጣ» ሲሉሽም ቤት ማጽዳት አትጀምሪ። ቀንና ሰዓት ካልተባለ ሰላምታ ነው። ከተባለ ደግሞ በሰዓቱ ድረሺ፤ ሦስት ሰዓት ሲሉሽ የኛ ዘጠኝ ነው።

አሁን ቆጣ ልበል። ተግባቢ ሁኚ አልኩሽ እንጂ ቤትሽ የት እንደሆነ፣ ብቻሽን እንደምትኖሪ፣ ማታ ስንት ሰዓት ከሥራ እንደምትወጪ ለማታውቂው ሰው አትንገሪ። መጀመሪያ የምትገናኙት ሰው የሚበዛበት ቦታ ይሁን፣ ለኔም መልእክት ላኪልኝ። የኛ ሰው «ከየት ነሽ?» ሲልሽም ነገሩን አጣሪ፤ አንዳንዱ ሰፈርሽን ሳይሆን ወገንሽን ነው የሚጠይቀው። የከተማሽን ስም ነግረሽ ፈገግ በይ፣ በቃ።

እንግሊዝኛዬ አልሞላም አትበይኝ። ዲሲ ውስጥ በፈረንጆቹ 2004 የወጣ ሕግ ስላለ የከተማው መሥሪያ ቤት ስትሄጂ የአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቂ፤ መብትሽ ነው። ጓደኛ ለመያዝ ግን አስተርጓሚ አያስፈልግሽም። የኔን ዳንቴል አላየሽም?

ቅዳሜ ከሰዓት ቤተ መጻሕፍቱ ጋ አብረን እንሄዳለን። ክሩን እኔ ገዝቼልሻለሁ፣ ኪሮሽ ሁለት አለኝ። አሁን ተነሺና ቡናውን ቁይልኝ። መስኮቱን ግን ቀድመሽ ክፈቺ የኔ እናት፤ ጎረቤቶቼ ዛሬ በፒጃማ መውጣት አያምራቸውም።