አይብ በፍሪዘር ውስጥ፤ ከህዳሴ ግድብ እስከ ጓዳችን

ባለፈው ፋሲካ ማግስት አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ለፊዚክስ መምህር እምብዛም የማይቀርብ ጥያቄ አቀረቡልኝ። አሶሳ በሚገኘው ቤታቸው በሁዳዴ ጾም ወራት የተጠራቀመውን አሬራ አይብ አውጥተው፣ ሦስት ኪሎ ያህሉን በአንድ ጎድጓዳ ሳህን ሞልተው ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጠውት ኖሯል። በጾሙ አጋማሽ ግን መብራት አንድ ሌሊት ሙሉ ጠፍቶ አደረ። ጠዋት ፍሪዘሩን ሲከፍቱ አይቡ ዳር ዳሩ ለስልሶ መሐሉ እንደ ድንጋይ ነበር። መብራቱ ሲመጣ መልሶ ረጋ። ለበዓሉ ሲያቀልጡት ደግሞ ግማሽ ጣሳ የሚሆን አጓት ተፋ፤ የቀረውም በምላስ ላይ አሸዋ አሸዋ አለ። ወላጅ እናታቸው «ይህ በረዶ የበላው አይብ ነው» ብለው ፈረዱ። ባልደረባዬ የጠየቁኝ ጥያቄ አጭር ነበር፦ «ለልጆቹ ላብላው ወይስ ልድፋው?»

ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት በመጀመሪያ አይብ ምን እንደሆነ፣ ቀጥሎም በረዶ ምን እንደሚያደርገው ማወቅ ያስፈልጋል። ውድ አንባቢያን፣ በዚህ ጽሑፍ ይህንኑ ደረጃ በደረጃ እንመለከታለን።

አይብ ምንድን ነው?

ወተት ሲረጋ እርጎ ይሆናል፤ እርጎው ተንጦ ቅቤው ሲወጣለት አሬራ ይቀራል። አሬራው በለስላሳ እሳት ሲሞቅ በውስጡ ያለው ካዜይን የተባለ ፕሮቲን እርስ በርሱ ተያይዞ ይጓጉላል፤ ይህም አይብ ነው። ከአይቡ የሚለየው ፈሳሽ አጓት ይባላል። እንግዲህ አይብን እንደ ስፖንጅ አድርገን ልናስበው እንችላለን። የስፖንጁ ገመዶች ፕሮቲን ሲሆኑ በቀዳዳዎቹ ውስጥ የታቆረው ውኃ ነው። የአይብ ክብደት ከ75 እስከ 80 በመቶ የሚሆነው ውኃ ነው።

በሊባኖስና በቆጵሮስ የኖሩ ወገኖቻችን በሚገባ የሚያውቁት ሃሉሚ የተባለ አይብ ከዚህ ይለያል። ሃሉሚ በአስረጊ ከረጋ በኋላ ተጨምቆ፣ ከ90 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ በሞቀ አጓት ውስጥ ተቀቅሎና ጨው ተጨምሮበት የሚዘጋጅ ነው። የትኩስ ሃሉሚ ውኃ ከ46 በመቶ አይበልጥም። በመሆኑም ሃሉሚ ፍሪዘር ውስጥ ገብቶ ሲወጣ ጉዳቱ ትንሽ ነው፤ ጥቂት ይፈረፈራል እንጂ ቅርጹን አይለቅም። ከአሶሳ በስተምዕራብ ያሉት የሱዳን ጎረቤቶቻችን ጅብና ብለው የሚጠሩት ነጭ አይብም በጨው ውኃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ስለሚቀመጥ ያለ ፍሪዘር ይቆያል። የእኛ አይብ ግን ውኃው ብዙ፣ ጨው የሌለበት በመሆኑ ለበረዶ ይበልጥ ተጋላጭ ነው።

በረዶው ሲሠራ

ንጹሕ ውኃ በዜሮ ዲግሪ ይረጋል። በአይብ ውስጥ ያለው ውኃ ግን አሲድ፣ ስኳርና ማዕድናት ስላሉበት የሚረጋው ከዜሮ በታች 1 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ነው። ከሁሉ አስቀድሞ ጥቃቅን የበረዶ ክሪስታሎች ይፈጠራሉ። ክሪስታሉ ንጹሕ ውኃን ብቻ ወደ ራሱ ይስባል፤ የቀረው ፈሳሽ አሲዱና ጨው እየበዛበት ይሄዳል። በዚህ ጊዜ የፕሮቲኑ ገመዶች በሁለት በኩል ይጠቃሉ። በአንድ በኩል እያደገ የሚሄደው ክሪስታል ይገፋቸዋል፤ በሌላ በኩል በዙሪያቸው የነበረው ውኃ ስለሚሸሻቸው እርስ በርስ ተጣብቀው ይደርቃሉ። በረዶው ሲቀልጥ ውኃው ተመልሶ ወደ ቦታው ሊገባ አይችልም። ባልደረባዬ ያዩት አጓት ይህ ከስፖንጁ የተባረረ ውኃ ሲሆን፣ አሸዋ መሰል ስሜት የፈጠሩትም ተጣብቀው የደረቁት የፕሮቲን ጓጉሎች ናቸው።

የጉዳቱን መጠን የሚወስነው የክሪስታሎቹ ግዝፈት ነው። አይቡ ፈጥኖ ከረጋ ብዙ፣ ግን ጥቃቅን ክሪስታሎች ይሠራሉ፤ ዘግይቶ ከረጋ ጥቂት፣ ግን ግዙፍ ይሆናሉ። ከረጋ በኋላም ቢሆን ሙቀቱ ከፍ ዝቅ ባለ ቁጥር ትንንሾቹ ክሪስታሎች እየቀለጡ ውኃቸው በትልልቆቹ ላይ ይረጋል። ስለዚህ መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር፣ አይቡ ሙሉ በሙሉ ባይቀልጥም እንኳ፣ ክሪስታሎቹ እያደጉ ይሄዳሉ ማለት ነው።

አንድ በርሜል የዓባይ ውኃ

አይብ ለማርጋት ምን ያህል ኢነርጂ ያስፈልጋል? በ28 ዲግሪ ሙቀት ያለ አንድ ኪሎ አይብ ወስደን ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ እናድርሰው። እስከ መርጊያው ድረስ ለማቀዝቀዝ 100 ኪሎ ጁል ገደማ፣ ከረጋ በኋላ የበለጠ ለማቀዝቀዝ 35 ኪሎ ጁል ያህል ከአይቡ መውጣት አለበት። ትልቁ ድርሻ ግን በመካከል ያለው ነው። አንድ ኪሎ ውኃ ሙቀቱ ሳይቀንስ በዚያው ዲግሪ ላይ ሆኖ ወደ በረዶ ሲለወጥ ብቻ 334 ኪሎ ጁል ይለቃል። በቴርሞሜትር የማይታይ በመሆኑ ስውር ሙቀት እንለዋለን። በአንድ ኪሎ አይብ ውስጥ 700 ግራም ያህል ውኃ ቢረጋ 235 ኪሎ ጁል ገደማ ይሆናል። ድምሩ 370 ኪሎ ጁል መሆኑ ነው። ፍሪዘሩ በ1 ጁል የኤሌክትሪክ ኢነርጂ 1.5 ጁል ሙቀት ያወጣል ብንል፣ የሚፈጀው ኤሌክትሪክ 250 ኪሎ ጁል ያህል ነው።

ይህን ቁጥር ወደ ጉባ እንውሰደው። የመሠረት ድንጋዩ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ተቀምጦ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በተመረቀው በታላቁ የኢትዮጵያ ህዳሴ ግድብ፣ ሐይቁ ሲሞላ ውኃው ወደ ተርባይኖቹ የሚወርደው ከ130 ሜትር ገደማ ከፍታ ነው። አንድ ሊትር ውኃ ከዚህ ከፍታ ሲወርድ 1.27 ኪሎ ጁል ይሰጣል፤ ከዚህ 90 በመቶው ኤሌክትሪክ ይሆናል ብንል 1.15 ኪሎ ጁል እናገኛለን። 250ን ለ1.15 ብናካፍል 217 ሊትር ይመጣል። በሌላ አነጋገር፣ በመስመር ላይ የሚባክነውን ሳንቆጥር፣ አንድ ኪሎ አይብ ለማርጋት ከአንድ በርሜል ጥቂት የሚበልጥ የዓባይ ውኃ በተርባይን ውስጥ ማለፍ አለበት።

ይሁን እንጂ ዋናው ወጪ ማርጋቱ ሳይሆን ማቆየቱ ነው። በሞቃት ክፍል ውስጥ ባለ ፍሪዘር ግድግዳ በኩል 40 ዋት ሙቀት ሰርጎ ይገባል ብንል፣ ያንን መልሶ ለማስወጣት በቀን 10 በርሜል ገደማ ውኃ ያስፈልጋል። በ55 የጾም ቀናት 550 በርሜል መሆኑ ነው። ፍሪዘሩ ባዶም ይሁን ሙሉ ይህ ወጪ ብዙ አይለወጥም፤ ስለዚህ ለሁለት ኪሎ አይብ ብቻ ፍሪዘር ከማስነሳት ጎረቤታሞች ተጋርተው አንዱን ቢሞሉ ይሻላል።

ውፍረትና ጊዜ

የባልደረባዬ ዋና ስሕተት የሳህኑ ጉድጓዳነት ነበር። ቅዝቃዜ ወደ አይቡ መሐል የሚደርሰው ቀድሞ የረጋውን ክፍል አቋርጦ ነው። ስለዚህ ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን የማርጊያው ጊዜ ቢያንስ እጥፍ፣ ቢበዛም አራት እጥፍ ይሆናል። 12 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው አይብ 2 ሳንቲ ሜትር ካለው ጋር ሲነጻጸር ለመርጋት ከ6 እስከ 36 እጥፍ ጊዜ ይፈጅበታል። በዚህ ረጅም ጊዜ ውስጥ የመሐሉ አይብ መኮምጠጡን ይቀጥላል፤ ክሪስታሎቹም ይገዝፋሉ።

በመሆኑም አይቡ አስቀድሞ በንጹሕ ስስ ጨርቅ ተንጠልጥሎ አጓቱ በደንብ ይንጠፍ። የሚባረር ውኃ ባነሰ መጠን ጉዳቱም ያንሳል። ከዚያም ለአንድ ማዕድ የሚበቃ፣ ሩብ ኪሎ ያህል፣ በንጹሕ ፌስታል ተደርጎ፣ አየሩ ተገፍቶ ወጥቶ፣ እንደ ቂጣ በ2 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ይዘርጋ። ቀን ተጽፎበት እርስ በርስ ሳይደራረብ ይርጋ፤ ከረጋ በኋላ መደራረብ ይቻላል።

ማቅለጥ ለምን ይዘገያል?

በረዶ ሙቀትን የማስተላለፍ ችሎታው ከውኃ አራት እጥፍ ገደማ ይበልጣል። አይብ ሲረጋ ከዳር የሚሠራው በረዶ ለሙቀት መውጫ ጥሩ መንገድ ነው። ሲቀልጥ ግን ከዳር የሚፈጠረው ውኃማ አይብ እንደ ብርድ ልብስ ሆኖ መሐሉን ከሙቀት ይከላከላል። ስለዚህ ማቅለጥ ከማርጋት ይዘገያል፤ ለማፍጠን ብሎ ከምድጃ አጠገብ ማስቀመጥም አደጋ አለው። መሐሉ ገና በረዶ ሳለ ዳሩ ለሰዓታት ባክቴሪያ በሚራባበት ሙቀት ውስጥ ይቆያልና።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት ማረም ይገባል። ፍሪዘር ባክቴሪያን በአብዛኛው ያስተኛል እንጂ አይገድልም። የአገራችን ተመራማሪ ሞገሴ አሸናፊ እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት ጥናት ከአዋሳ ገበያ በተገዛ አይብ ውስጥ ከፍተኛ የባክቴሪያና የእርሾ ብዛት ማግኘታቸውን ገልጸዋል። የአይብ ኮምጣጣነት ብዙዎቹን ጎጂ ተሕዋስያን ቢገታም ሁሉንም አያጠፋም። ንጹሕ ሆኖ ያልገባ አይብ ንጹሕ ሆኖ አይወጣም። ትክክለኛው አቀላለጥ ከዋዜማው ጀምሮ በፍሪጅ ውስጥ፣ በ4 ዲግሪ ገደማ፣ በማጥለያ ላይ አድርጎ ማሳደር ነው።

መብራት ሲጠፋ

የአሶሳ ሙቀት የሚበረታው ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ፣ ማለትም አይብ በሚጠራቀምበት በሁዳዴ ወራት ነው። መብራት ሲጠፋ የመጀመሪያው ሕግ ፍሪዘሩን አለመክፈት ነው። የሞላ ፍሪዘር ካልተከፈተ እስከ 48 ሰዓት፣ ግማሽ የሞላ ደግሞ እስከ 24 ሰዓት ቅዝቃዜውን ይይዛል።

ባዶውን ቦታ በውኃ ጠርሙሶች መሙላት ይጠቅማል። 10 ኪሎ በረዶ ሲቀልጥ 3340 ኪሎ ጁል ይውጣል፤ 40 ዋት የሚሰርገውን ሙቀት ለ23 ሰዓት ያህል ይመክታል። በጋለ አገር የግድብ ኮንክሪት ሲቦካ በረዶ የሚጨመርበትም በዚሁ ስውር ሙቀት ለመጠቀም ነው። ነገር ግን አንድ ረቂቅ ነጥብ አለ። ንጹሕ በረዶ የሚቀልጠው በዜሮ ዲግሪ፣ አይቡ ደግሞ ከዜሮ በታች በ1 ዲግሪ በመሆኑ አይቡ ከጠርሙሱ ቀድሞ መቅለጥ ይጀምራል። መፍትሔው በአንድ ሊትር ውኃ 50 ግራም፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ያህል፣ ጨው መጨመር ነው። ይህ ውኃ በረዶው ቀልጦ የሚያልቀው ከዜሮ በታች 3 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነ ከአይቡ ቀድሞ ሙቀቱን ይውጣል። ጨው የሚረጋውን ውኃ በአንድ አምስተኛ ያህል ስለሚቀንስ የጠርሙሶቹን ቁጥር ከፍ ማድረግ ነው። ጠርሙሱ ፕላስቲክ ይሁን፤ በረዶ ከውኃ ስለሚሰፋም እስከ አፉ አይሞላ።

ከቤት ለሚርቁ ደግሞ ቀላል ዘዴ አለ። በስኒ ውኃ ይርጋና በላዩ የአንድ ብር ሳንቲም ይቀመጥ። ሲመለሱ ሳንቲሙ ከላይ ካለ ፍሪዘሩ አልቀለጠም፤ ከስኒው ሥር ከተገኘ ሁሉም ቀልጦ እንደገና ረግቷልና አይቡ አይበላ።

ለጥያቄው መልስ

ወደ ባልደረባዬ እንመለስ። ጠዋት ሲከፍቱት የአይቡ መሐል ድንጋይ ነበር፤ ሲዳስሱት ዳሩም ቀዝቃዛ እንደነበር፣ ሌሊቱን ፍሪዘሩን ያልከፈተው ሰው እንደሌለ ሳይሆን ማንም እንዳልከፈተው ነገሩኝ። በረዶ ያለበት አይብ ከ4 ዲግሪ በታች ነው ተብሎ ስለሚታሰብ መልሶ ማርጋት ይቻላል። የተጎዳው ልስላሴው እንጂ ደኅንነቱ አልነበረም። ሙሉ በሙሉ ቀልጦ ሞቆ ከ2 ሰዓት በላይ ቆይቶ ቢሆን ኖሮ ግን መልሴ ድፉት የሚል ይሆን ነበር፤ የቅቤም ሆነ የቅመም ብዛት አያድነውም።

ስለዚህ እንዳይደፉት፣ ነገር ግን ከክትፎ ጎን ከማቅረብ ይልቅ ትኩስ ጎመን ላይ ለውሰው እንዲያሞቁት መከርኳቸው። አይብ በተፈጥሮው ፍርፍር ስለሆነ በጎመን ውስጥ አሸዋማነቱ አይታወቅም፤ ማሞቁም ለልጆች ተጨማሪ ጥንቃቄ ነው። በማግስቱ ከቤታቸው ጎመን በአይብ ተላከልኝ። እናታቸውም «በረዶ የበላውን ጎመን አዳነው» ማለታቸውን ሰማሁ። ለመጪው ሁዳዴ ግን አይባቸውን እንደ ቂጣ ሊዘረጉ፣ ጠርሙሶቻቸውንም በጨው ውኃ ሊሞሉ ቃል ገብተዋል።