ራውተር እያለ ፋየርዎል ለምን?

ሐሙሲት ላይ ቤቱ ዋይፋይ ያስገባ ሰው ኮምፒውተር ሻጩ «ፋየርዎልም ያስፈልግሃል» ቢለው ገንዘቡን ያውጣ? አያውጣ። ዊንዶውሱ ውስጥ ያለውን ግን እንዳያጠፋ።

የቤት ስልኮችና ኮምፒውተሮች ከራውተሩ የሚያገኙት አብዛኛውን ጊዜ በ192.168 የሚጀምር የውስጥ አድራሻ ነው። ወደ ኢንተርኔት ሲወጡ ሁሉም በራውተሩ አንድ አድራሻ ይታያሉ። ራውተሩ ማን ምን እንደጠየቀ ይይዛል፤ መልሱ ሲመጣ ለጠያቂው ያደርሳል። ማንም ሳይጠራው ከውጭ የመጣውን ግን ለማን እንደሚሰጠው ስለማያውቅ ይጥለዋል። አሠራሩ የታሰበው አድራሻ ለመቆጠብ ነበር፤ ጥበቃው አብሮ የመጣ ትርፍ ነው። ትንሽ ትርፍም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 ብላስተር የተባለው ትል (በራሱ የሚሰራጭ ጎጂ ፕሮግራም) በቀጥታ ኢንተርኔት ላይ የተሰኩ ዊንዶውሶች ውስጥ ባለቤቶቹ ምንም ሳይከፍቱ ይገባ ነበር። ማይክሮሶፍት በ2004 ለዊንዶውስ ኤክስፒ ባወጣው ሁለተኛ ሰርቪስ ፓክ ፋየርዎሉን ከጅምሩ የበራ አድርጎ ላከው።

ታዲያ ራውተር ካለ ያ ፋየርዎል ምን ይሠራል? ላፕቶፕ አንድ ቦታ አይቀመጥም። ልጅዎ ወደ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች፣ ወደ ፔዳ ወይም ወደ ፖሊ ይዞት ይሄዳል፤ እርስዎም ባሕር ዳር ሆቴል ገብተው ይከፍቱታል። እዚያ አደጋው ከውጭ ብቻ አይመጣም፤ በዚያው ዋይፋይ ላይ ካለ ከማይታወቅ ማሽንም ይመጣል፤ የቤትዎ ራውተር ደግሞ ሐሙሲት ቀርቷል፤ እዚያ ያልተጠራውን የሚመልሰው ላፕቶፑ ውስጥ ያለው ፋየርዎል ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 ዋናክራይ የተባለው ትል አንድ መሥሪያ ቤት ከገባ በኋላ የዊንዶውስን የፋይል መጋሪያ በር እየተጠቀመ ከማሽን ወደ ማሽን የዘለለው በዚህ ዓይነት የውስጥ መስመር ነው። ስለዚህ ዊንዶውስ አዲስ ዋይፋይ ሲያገኝ ከቤትዎ ውጭ ከሆኑ፣ ፋየርዎሉ ይበልጥ እንዲጠብቅ «ፐብሊክ» የሚለውን ይምረጡ።

ሁለቱም የማያቆሙት ነገር አለ፤ የእኛው ሀገር ጉዳይ በደንብ ያሳየዋል። ሜሪላንድ የሚኖር ትውልደ ኢትዮጵያዊ አሜሪካዊ «ኪዳኔ» በሚል የሽፋን ስም እ.ኤ.አ. በ2014 የኢትዮጵያን መንግሥት ከሰሰ። በክሱ እንደተጻፈው፣ በኢሜይል የደረሰ የዎርድ ሰነድ ሲከፈት ፊንስፓይ የተባለ መሰለያ የቤት ኮምፒውተሩ ላይ ተተክሎ ለወራት የስካይፕ ንግግሩን ሲቀዳና ኢትዮጵያ ወዳለ ሰርቨር ሲልክ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2017 የዋሽንግተን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ክሱን የዘጋው ድርጊቱ መፈጸም አለመፈጸሙን መርምሮ አይደለም፤ የሌላ ሀገር መንግሥት በዚህ ዓይነት ጉዳይ አይከሰስም ብሎ ነው። ለእኛ ቁም ነገሩ መንገዱ ነው። ሰነዱን የጠራው ኮምፒውተሩ ራሱ ስለሆነ ራውተር አሳልፎታል። መረጃው ሲወጣም፣ የቤት ራውተርም ሆነ የዊንዶውስ ፋየርዎል እንደመጣ ከተተወ ወደ ውጭ የሚሄደውን አይከለክልም። ወደ ውጭ ለሚሄደው ሁሉ ፈቃድ የሚጠይቅ ፋየርዎል አለ፤ ነገር ግን በቀን ሃያ ጊዜ ከጠየቀ ሰው ሳያነብ «እሺ» ማለት ይለምዳል።

ገንዘቡና ጊዜው ሌላ ቦታ ላይ ቢውል እመርጣለሁ። በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት በተቋረጠበት ጊዜ ብዙ ማሽኖች አፕዴት ሳያገኙ ከርመዋል፤ ፋይሉም በፍላሽ ሲዞር ነበር። ፍላሽ ራውተር አያውቅም። ዋናክራይን የሚያቆመው ማስተካከያ እንኳ ትሉ ከመነሳቱ ሁለት ወር ቀድሞ ወጥቶ ነበር፤ የተጎዱት ያልጫኑት ናቸው። ኮምፒውተሩ ኢንተርኔት ባገኘ ጊዜ ከሁሉ በፊት አፕዴቱን ያስጨርሱ።

ራውተሩንም አይርሱ፤ የማስተካከያ ገጹ የይለፍ ቃል ከፋብሪካ እንደመጣ ከሆነ ይቀይሩት፣ ከውጭ ሆኖ ማስተዳደር የሚፈቅደውን ያጥፉ። በክራክ የተጫነ አንቲቫይረስ ካለዎትም ያንሱት። የራሱን ፋየርዎል ይዞ ከመጣ የዊንዶውሱ ቦታውን ለቆለት ሊሆን ስለሚችል፣ ካነሱት በኋላ የዊንዶውሱ ተመልሶ መብራቱን ይመልከቱ።