ሁለቱን ትምህርት ቤቶች እንዴት እናመዛዝን?

ልጅ 6ኛ ክፍልን ሲጨርስ የወላጅ ሐሳብ ይበዛል። በወረዳው ሁለት የመንግሥት መካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ካሉ «ልጃችን የትኛው ትግባ?» የሚል ጥያቄ ይመጣል።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ 7ኛንና 8ኛን ክፍል ከአንደኛ ደረጃ ጋር አጠቃልሎ ነበር። በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው ፖሊሲ ግን ሁለቱን ለይቶ መካከለኛ ደረጃ አላቸው። በ8ኛ ክፍል መጨረሻ ክልሉ የሚያዘጋጀው ፈተና አለ።

በገበያ የምንሰማው ወሬ ስለዚህ ፈተና ነው። «እዚያ እኮ ብዙዎቹ አለፉ!» ይባላል። ታዲያ ወሬውን ይዘን እንሂድ? እስቲ መጀመሪያ ማሳችንን እናስብ። አንዱ ማሳ 5 ኩንታል፣ ሌላው 9 ኩንታል ሰጠ እንበል። 9 ይበልጣል። ነገር ግን የመጀመሪያው ማሳ 1 ጥማድ፣ ሁለተኛው 3 ጥማድ ቢሆንስ? አንዱ በጥማድ 5፣ ሌላው በጥማድ 3 ኩንታል ሰጠ ማለት ነው። ገበሬ እንዲህ ያለውን ሂሳብ ያውቀዋል። ለትምህርት ቤትም የሚሠራው ይኸው ነው።

አሁን ምሳሌ እንውሰድ። ከወንዙ ወዲህ ባለው ትምህርት ቤት 20 ልጆች ተፈትነው 16 አለፉ እንበል። ይህ ከመቶ 80 ነው። ከወንዙ ወዲያ ባለው 90 ተፈትነው 63 አለፉ። ይህ ከመቶ 70 ነው። የመጀመሪያው የበለጠ ይመስላል።

ቆይ፣ አንድ ጥያቄ ይቀራል። 7ኛ ክፍል ሲጀመር ስንት ነበሩ? በመጀመሪያው 50፣ በሁለተኛው 100 ነበሩ እንበል። ከጀመሩት ውስጥ ያለፉት በመጀመሪያው ከመቶ 32፣ በሁለተኛው ከመቶ 63 ይሆናሉ። ነገሩ ተገለበጠ! በመጀመሪያው ትምህርት ቤት 30 ልጆች ሳይፈተኑ ቀርተዋል።

እነዚህ ልጆች የት ሄዱ? ወደ ሌላ ትምህርት ቤት የተዛወሩ ካሉ አቋርጠዋል አይባልም። ከብት እንዲጠብቅ የቀረ፣ ለቅጥር ሥራ የሄደ፣ የተዳረች ልጅ ግን ትምህርቱን አጥቷል። ያለዕድሜ ጋብቻ በ1997 ዓ.ም. በጸናው የወንጀል ሕግ ያስቀጣል። ስለዚህ ጥፋቱ ሁሉ የመምህራን አይደለም፤ የእኛም የወላጆች ድርሻ አለበት።

ከፈተናው ሌላ በዓይናችን የምናየውም አለ። መምህሩ በሰዓቱ ክፍል ይገባል? መጽሐፉ ለስንት ልጅ አንድ ነው? ውኃ አለ? ለሴት ልጆች የተለየ መጸዳጃ ቤት አለ? ልጅቱ ስንት ሰዓት ትጓዛለች? በክረምት ወንዙ ሲሞላስ በየት ታልፋለች? ሁለት ሰዓት በእግር ሄዶ የደረሰ ልጅና ከአጥሩ ሥር የሚኖር ልጅ እኩል ጉልበት አይኖራቸውም።

እንግዲህ ማንበብና መቁጠር ከቻልን መዝገቡን መጠየቅ እንችላለን። የወላጅ መምህራን ኅብረት ስብሰባ ሲጠራ እንገኝ። የተመዘገቡት፣ የተፈተኑትና ያለፉት ስንት እንደሆኑ ሦስቱንም ቁጥር በደብተራችን እንጻፍ። ደካማ የሆነውን ትምህርት ቤት ጥሎ መሄድ ብቻ መፍትሔ አይሆንም፤ የጎረቤት ልጅ እዚያው ይቀራልና።

ጥያቄዎች
1. በአንድ ትምህርት ቤት 40 ልጆች 7ኛ ክፍል ጀምረው 30 ተፈተኑ፤ 24 አለፉ። ከተፈተኑት ከመቶ ስንት አለፉ? ከጀመሩትስ?
2. በቀበሌያችሁ ትምህርት ያቋረጡ ልጆች በምን ምክንያት አቋረጡ? ተወያዩበት።