ሕዋስን ትኩስ እያለ ማየት፦ አዲሱ የማይክሮስኮፕ ምርመራ ለእንስሳት ነጋዴ ምን ይጠቅማል?

አራት መቶ በጎች ኳራንቲን ገብተው መርከብ ይጠብቃሉ እንበል። የተቀባዩ አገር መስፈርት 21 ቀን ነው። በ18ኛው ቀን ማለዳ ሁለት በጎች ሞተው ተገኙ፤ ሌሎች ሦስት ደግሞ መኖ ትተው ጥግ ይዘዋል። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የነጋዴው ጥያቄ አንድ ነው፤ ምን ገደላቸው? መልሱ እስኪመጣ መንጋው አይንቀሳቀስም። የመኖው፣ የውሃውና የጠባቂው ወጪ ግን በየቀኑ ይቆጠራል።

ይህን ጥያቄ ከሚመልሱት ባለሙያዎች አንዱ ፓቶሎጂስት የሚባለው የሥነ ደዌ ባለሙያ ነው። ከሞተው እንስሳ የተወሰደውን ጉበት፣ ሳንባ ወይም አንጀት በማይክሮስኮፕ አይቶ በሽታው የአካል ክፍሉን እንዴት እንደጎዳው ይናገራል። አሁን ናሙናው ፎርማሊን ውስጥ ሳይሰነብት፣ አንዳንዴም እንስሳው በሕይወት እያለ፣ ሕዋሱን የሚያሳዩ መሣሪያዎች አሉ። የዚህ ትምህርት ዓላማ መሣሪያዎቹ እንዴት እንደሚሠሩ፣ ለነጋዴው የትኛውን ቀን እንደሚያሳጥሩና የትኛውን እንደማያሳጥሩ ማሳየት ነው።

የቆየው መንገድ ለምን ቀን ይፈጃል?

በተለመደው አሠራር ናሙናው መጀመሪያ ፎርማሊን ውስጥ ይገባል። ፎርማሊን መበስበስን ያቆማል፤ ሥጋውንም ያጠነክራል። ለዚህ ብቻ አንድ ወይም ሁለት ቀን ያስፈልጋል። ቀጥሎ በሥጋው ውስጥ ያለው ውሃ በአልኮል ተስቦ ይወጣና በቦታው የቀለጠ ሰም ይገባል፤ ይህም ብዙውን ጊዜ አንድ ሌሊት ይወስዳል። በሰም የደነደነው ሥጋ ከ3 እስከ 5 ማይክሮን ውፍረት ኖሮት ይቆረጣል። አንድ ማይክሮን የአንድ ሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው። ስሱ ቁራጭ መስታወት ላይ ተለጥፎ ይቀለማል፤ ባለሙያው የሚያየው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

በዚህ ላይ መንገዱ አለ። ከሞያሌ ወይም ከቶጎ ውጫሌ የተነሳ ናሙና ሰበታ ወደሚገኘው የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት እስኪደርስ ሌላ ቀን ይሄዳል። ስለዚህ በሥጋ ምርመራ የሚገኘው መልስ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከመጣ ፈጥኗል የሚባል ነው።

አዲሶቹ መሣሪያዎች በሁለት ይከፈላሉ

የመጀመሪያዎቹ ሕዋስን በሕያው እንስሳ አካል ላይ እንዳለ የሚያሳዩ ናቸው። ከእነዚህ አንዱ ኮንፎካል ማይክሮስኮፕ ነው። የሌዘር ብርሃን በአንዲት ነጥብ ላይ አተኩሮ ይልክና ከዚያችው ነጥብ የሚመለሰውን ብርሃን ብቻ ይቀበላል፤ ከላይና ከታች የሚመጣው ብዥታ ይጣላል። በሰው ሕክምና የቆዳ ካንሰርን ለመለየት ያገለግላል። በእንስሳት ሕክምና ደግሞ የፈረስ ዓይን በፈንገስ ሲጠቃ ዓይኑ ሳይቆረጥ ፈንገሱን ለማየት ጠቅሟል። ሌላው ኦሲቲ የሚባለው ነው፤ እንደ አልትራሳውንድ ሆኖ በድምፅ ፋንታ ብርሃን ይጠቀማል። በ1991 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ ተመራማሪዎች ይፋ የሆነ ሲሆን ዛሬ በብዙ የዓይን ሕክምና ተቋማት ይገኛል።

ሁለተኛዎቹ ገና የተቆረጠ ትኩስ ሥጋን የሚያሳዩ ናቸው። ለምሳሌ ሚዩዝ የሚባለው ዘዴ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ተመራማሪዎች የተሠራ ነው። ሥጋው ለጥቂት ሰከንዶች ቀለም ውስጥ ይነከራል፤ ከዚያ አልትራቫዮሌት ብርሃን ይበራበታል። ይህ ብርሃን ከሥጋው ገጽ ጥቂት ማይክሮን ብቻ ስለሚገባ በምላጭ ስስ አድርጎ መቁረጥ ሳያስፈልግ ስስ ቁራጭ ያዩ ያህል ምስል ይገኛል። ሥራው በደቂቃዎች ያልቃል። ናሙናውም ስለማይበላሽ በኋላ ፎርማሊን ውስጥ ገብቶ በቆየው መንገድ ሊመረመር ይችላል።

የሁለቱም ምስል ከመነሻው በኮምፒውተር የሚያዝ ነው። መስታወት ታሽጎ በመኪና መጓዝ የለበትም፤ ኔትወርክ ካለ ምስሉ ብቻውን ይሄዳል። የእንስሳት ሥነ ደዌ ባለሙያ በየድንበሩ በማይገኝበት አካባቢ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው።

በኬላ ላይ የሚገጥመው ችግር

ስለ ሕያው እንስሳ ምርመራ ሲነሳ ነጋዴው በኬላ ላይ ቆሞ በሬውን እንደ ስልክ ካሜራ የሚያሳይ መሣሪያ ሊያስብ ይችላል። ነገሩ ከዚያ የራቀ ነው።

የመጀመሪያው ችግር ጥልቀት ነው። ኮንፎካል በቆዳ ውስጥ የሚያየው እስከ 0.2 ሚሊሜትር አካባቢ ነው። ኦሲቲ ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር ይደርሳል፤ ነገር ግን የእያንዳንዱን ሕዋስ መልክ እንደ ኮንፎካል አጥርቶ አያሳይም። ላምፒ ስኪን የሚያወጣው እባጭ ከቆዳው ሥር ድረስ የሚወርድ ነው። በሳንባ በሽታ የተያዘ ከብት ጉዳት ደግሞ ከጎድን አጥንቱ በስተጀርባ ነው። ብርሃኑ እዚያ የሚደርሰው በቀጭን ቱቦ ወይም በመርፌ ውስጥ ሲገባ ብቻ ነው።

ሁለተኛው እንቅስቃሴ ነው። ማይክሮን በሚለካ ምስል ላይ የአንድ ትንፋሽ መወዛወዝ ምስሉን ያደበዝዛል። ስለዚህ እንስሳው ማደንዘዣ ሊያስፈልገው ይችላል። ለዕርድ የሚሸጥ እንስሳ ማደንዘዣ ከተሰጠው መድኃኒቱ ከሥጋው እስኪወጣ መጠበቅ ግድ ነው፤ ቀን ለማትረፍ የተደረገ ምርመራ ቀን ያስጨምራል። ይህ ወጪ የሚያዋጣው እንደ ውድድር ግመል ወይም እንደ ምርጥ ኮርማ ላለ አንድ ራሱን የቻለ ዋጋ ላለው እንስሳ ነው።

ለመንጋ ነጋዴ የሚቀርበው እንግዲህ ሁለተኛው ዓይነት፣ ማለትም ከሞተው እንስሳ የተቆረጠውን ትኩስ ሥጋ ማየት ነው።

ጉበቱ የሚናገረውና የማይናገረው

ሪፍት ቫሊ ፊቨር የሚባለው የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት የታወቀው በሥነ ደዌ ምርመራ ጭምር ነው። በኬንያ ናይቫሻ ሐይቅ አቅራቢያ በጎች ሲያስወርዱና ግልገሎች ሲያልቁ ጉዳዩን ያጠኑት ተመራማሪዎች በ1931 (እ.ኤ.አ.) ባወጡት ጽሑፍ የግልገሎቹን ጉበት ጉዳት ዘርዝረው በሽታው በቫይረስ እንደሚመጣ አሳይተዋል። ዛሬም ባለሙያ በማይክሮስኮፕ ሰፊ የጉበት ሕዋሳት ሞት ሲያይ፣ በተለይ ከከባድ ዝናብ በኋላ ከሆነ፣ ይህ በሽታ ወደ ሐሳቡ ይመጣል።

ግን ጉበት በመርዛማ ዕፅዋትም፣ በባክቴሪያም ሊሞት ይችላል። ምስሉ ጉዳቱን እንጂ የገዳዩን ስም አያሳይም። ስሙን የሚናገሩት የቫይረሱን ዘር የሚፈልገው ፒሲአር፣ በደም ውስጥ የመከላከያ አካላትን የሚፈልገው ኤላይዛና የመሳሰሉት ምርመራዎች ናቸው። ለጤና ሰርተፊኬት የሚጠየቁትም እነዚህ ናቸው። ከአዲሱ መሣሪያ የተገኘ ምስል ብቻውን መንጋ አያስለቅቅም።

ታዲያ ጥቅሙ ምንድን ነው? ፒሲአር የሚመልሰው የተጠየቀውን ብቻ ነው። «ይህ ቫይረስ አለ?» ቢባል «የለም» ይላል እንጂ ሌላ ምን እንደገደለው አይናገርም። ሥጋውን ያየ ባለሙያ ግን ቀጥሎ ምን መጠየቅ እንዳለበት ያውቃል። ትኩስ ሥጋን በዕለቱ ማየት ማለት ትክክለኛውን ጥያቄ በዕለቱ መጠየቅ ማለት ነው።

ስሌቱ

ከላይ ለተጠቀሱት አራት መቶ በጎች የአንዱ የቀን ወጪ 50 ብር ነው እንበል። የአንድ ቀን መዘግየት 20,000 ብር ነው። ናሙናው ላቦራቶሪ እስኪደርስ 1 ቀን፣ በቆየው መንገድ ሥጋውን ለማየት 4 ቀን፣ ለአንድ የፒሲአር ምርመራ 2 ቀን ይወስዳል ብለን እንያዝ።

በመጀመሪያ የተጠረጠረው በሽታ ትክክል ካልሆነ ሁለተኛው ምርመራ የሚታዘዘው ሥጋው ታይቶ ነው። ድምሩ 1 እና 4 እና 2፣ ማለትም 7 ቀን ይሆናል። ሥጋው በደረሰበት ቀን ከታየ 3 ቀን ይበቃል። ልዩነቱ 4 ቀን ወይም 80,000 ብር ነው። በጎቹ የሞቱት በ18ኛው ቀን ስለሆነ በ3 ቀን የሚመጣ መልስ ከመርከቡ ጋር ይገጥማል፤ በ7 ቀን የሚመጣው ግን መርከቡን ያሳልፋል።

ሦስት ነገሮች ስሌቱን ይለውጡታል። አንደኛ፣ በጎቹ የሞቱት በ8ኛው ቀን ቢሆን መልሱ በ3 ቀንም በ7 ቀንም ቢመጣ መንጋው እስከ 21ኛው ቀን መቆየቱ ስለማይቀር የጉዞ ቀን አይተርፍም፤ የሚተርፈው በቶሎ በመታከማቸው የሚድኑት በጎች ዋጋ ነው። ሁለተኛ፣ የመጀመሪያው ጥርጣሬ ትክክል ከሆነ ፒሲአሩ ብቻውን ስለሚበቃ ፈጣኑ ማይክሮስኮፕ የሚያተርፈው የለም። ሦስተኛ፣ ናሙናው በስብሶ ከደረሰ የትኛውም መሣሪያ አያድነውም፤ ቆጠራው እንደገና ይጀመራል።

መልሱ መጥፎ ቢሆንስ? መንጋው ይታገዳል፤ የዚያ ነጋዴ ኪሳራም አይቀርም። ቶሎ መታወቁ የሚጠቅመው ሌላ መኪና እንዳይጫን፣ የጎረቤት መንጋ እንዳይነካና ሠራተኞች እንዳይታመሙ ነው። በ2000 (እ.ኤ.አ.) የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት በሳዑዲ ዓረቢያና በየመን ሲነሳ ሳዑዲ ከአፍሪካ ቀንድ የሚመጡ እንስሳትን አገደች፤ በበርበራ በኩል የሚሄደው ንግድ ከእገዳው የተላቀቀው በ2009 (እ.ኤ.አ.) ነው። ያ ሁሉ ዓመት ጤነኛ እንስሳ የነበረውም ነጋዴ አብሮ ከፍሏል።

ፎርማሊን የሚሠራው ሌላ ሥራ

ፎርማሊን ቀን ቢፈጅም በናሙናው ውስጥ ያለውን ቫይረስ ይገድላል። ትኩስ ሥጋ ላይ የሚሠራ ሰው ግን ሕያው ቫይረስ በእጁ ይዟል። የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ከታመመ እንስሳ ደምና ሥጋ ወደ ሰው ይተላለፋል። ስለዚህ ፈጣኑ ማይክሮስኮፕ በኬላ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ዕቃ ሳይሆን የመከላከያ ክፍልና የሠለጠነ ሰው የሚፈልግ ነው። የነጋዴ ማኅበራት እንዲህ ያለ መሣሪያ ለኳራንቲን ጣቢያ ይገዛ ሲባል ቢሰሙ ከመሣሪያው ዋጋ ጋር የክፍሉን፣ የባለሙያውንና የኔትወርኩን ወጪ መጠየቅ አለባቸው።

ነጋዴው ዛሬ ሊያደርገው የሚችለው

መሣሪያው ቢኖርም ባይኖርም ናሙናው ጥሩ መሆን አለበት።

– እንስሳው በድንገት ሞቶ ከአፍ፣ ከአፍንጫ ወይም ከፊንጢጣ ጥቁር የማይረጋ ደም ከፈሰሰ አባ ሰንጋ ሊሆን ስለሚችል ፈጽሞ አይከፈትም። የእንስሳት ሐኪም ይጠራል።

– ሬሳ የሚከፍተው ሐኪሙ ነው፤ ጓንትና ጭንብል ያስፈልጋል። በሙቀት ጉበትና አንጀት በሰዓታት ውስጥ ስለሚበላሹ ጥሪው ወዲያው መሆን አለበት።

– ሁለት ናሙና እንዲወሰድ ይጠየቅ። አንዱ 10 በመቶ ፎርማሊን ውስጥ የሚገባ፣ ከ1 ሴንቲ ሜትር ያልወፈረ፣ የፎርማሊኑም መጠን የሥጋውን አሥር እጥፍ የሆነ። ሌላው ያለ ፎርማሊን በበረዶ ሳጥን የሚሄድ ነው። ለፒሲአር የሚሻለው ይህኛው ነው።

– ቁራጩ ከታመመውና ከጤነኛው ክፍል ድንበር ላይ ይወሰድ፤ ባለሙያው ሁለቱን ማነጻጸር አለበት።

– ከናሙናው ጋር የእንስሳው ዕድሜ፣ የተገዛበት ገበያ፣ የተሰጠው መኖ፣ ክትባትና መድኃኒት፣ የሞተበት ቀንና ሰዓት ተጽፎ ይላክ።

የመጨረሻው ምንም አያስወጣም። በማይክሮስኮፕ የሚያየው ባለሙያ በጎቹ ከየት እንደመጡና ትናንት ምን እንደበሉ ምስሉ አይነግረውም፤ የሚነግረው ነጋዴው ነው።