የንግድ ትምህርት ጥቅም በቍጥር ዘመን



በዛሬው ጊዜ ነጋዴው ራሱ ሳይጽፍ የሚጻፍለት ቍጥር ብዙ ነው። የሽያጭ መመዝገቢያው መሣሪያ የቀኑን ሽያጭ አትሞ ያወጣል፤ በግንቦት 2013 ዓ. ም. ሥራ የጀመረው ቴሌብር የገባውንና የወጣውን ገንዘብ ወዲያውኑ ያሳያል፤ ባንኩም በስልክ መልእክት ይልካል። ስለዚህ «መሣሪያ ሁሉን ከመዘገበ ልጅን ወይም ሠራተኛን የንግድ ትምህርት ማስተማር ምን ይጠቅማል?» የሚሉ ነጋዴዎች አሉ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ለጥያቄው መልስ መስጠት ነው።

የንግድ ትምህርት ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ሕዝቡ «ኮሜርስ» እያለ የሚጠራው የአዲስ አበባ ንግድ ሥራ ትምህርት ቤት የተቋቋመው በ1935 ዓ. ም. ነው። በዚያን ዘመን መሥሪያ ቤቶችና የንግድ ቤቶች ጸሓፊና ሒሳብ ያዥ እጅግ ያስፈልጋቸው ነበር። ትምህርት ቤቱ በኋላ ኮሌጅ ሆነ፤ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተጠቃለለ። በ1952 ዓ. ም. የወጣው የንግድ ሕግ ነጋዴ የሒሳብ መዝገብ እንዲይዝ አዘዘ፤ በ2013 ዓ. ም. የተተካው አዲሱ ሕግም ይህን ግዴታ አላስቀረም።

ይሁን እንጂ መመዝገብ የትምህርቱ መጀመሪያ እንጂ መጨረሻው አይደለም። ሉካ ፓቾሊ የተባለው የጣልያን መነኩሴ በ1494 እ. ኤ. አ. በቬኒስ ባሳተመው መጽሐፍ እያንዳንዱን ሥራ በሁለት ወገን፥ በዴቢትና በክሬዲት፥ መመዝገብን ያስተማረው ነጋዴው ሀብቱንና ዕዳውን አይቶ እንዲፈርድ ነው። ዛሬ የመመዝገቡን ድካም መሣሪያ ወስዶታል፤ ለሰው የቀረው መጠየቅና መፍረድ ነው።

ይህን የተረዳሁት ከራሴ ስሕተት ነው። እኔ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በላይ ያልተማርሁ፥ በአየር ጤና በአንድ የንግድ ቤት የምሠራ ጸሓፊ ነኝ። አሠሪዬ የቧንቧ ዕቃ ከውጭ አገር እያስመጡ፥ ከሰፈሩ ሰው ሌላ በጅማ መንገድ ከሰበታና ከወሊሶ ለሚመጡ ባለ ሱቆች ያከፋፍላሉ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ. ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ ገዢው እንደ ጎርፍ መጣብን። እኛም በቀድሞው ዋጋ ሸጥን። የየቀኑ የሽያጭ ወረቀት ከወትሮው እጥፍ ሆነ፤ እኔም ደስ ብሎኝ ድምሩን አቀረብሁ። አሠሪዬ በትርፉ አይሱዙ ለመግዛት ቀብድ ሊከፍሉ ተነሡ።

በዚያ ሰሞን የእኅታቸው ልጅ፥ በማታ የሒሳብ አያያዝ የምትማር ወጣት፥ ወረቀቱን ተመልክታ፥ «ጋሼ፥ ይህንኑ ዕቃ መልሰን ስንገዛው በስንት ብር ነው?» ብላ ጠየቀች። ከመካከላችን ይህን ያሰበ አልነበረም። ማጓጓዣውንና ቀረጡን ለጊዜው ትተን እንዲህ አሰላን፤

1ኛ፤ እያንዳንዱ 1 ዶላር የሚያወጣ 10 የቧንቧ መገጣጠሚያ፥ ዶላር 57 ብር ገደማ በነበረ ጊዜ የተገዛው በ570 ብር ነው።

2ኛ፤ በመቶ 20 ትርፍ ሲሸጥ 684 ብር ይሆናል። በመዝገቡ ላይ የሚታየው ትርፍ 114 ብር ነው።

3ኛ፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ዶላር ከ100 ብር በላይ ሆነ። በ100 ብር እንኳ ብናስበው ያንኑ ዕቃ ለመተካት 1,000 ብር ያስፈልጋል። ጉድለቱ 316 ብር ነው።

እንግዲህ ዐሥር ሸጠን ሰባት እንኳ መልሰን መግዛት አንችልም ነበር። ትርፍ ያልነው ገንዘብ ዋናው ካፒታል ነበር። ቀብዱ ሳይከፈል ቀረ፤ ገንዘቡም ለሚቀጥለው ዕቃ መግዣ ተቀመጠ። ከዚህ ታሪክ ዕቃ መደበቅን ወይም በሸማቹ ላይ ያለ አግባብ ዋጋ መጨመርን የሚማር ሰው ቢኖር ተሳስቷል። ቁም ነገሩ የሚበላውን ትርፍ ከማይነካው ካፒታል ለይቶ ማወቅ ነው። መሣሪያው ቍጥሩን አልደበቀንም፤ የጠፋው ጠያቂ ነበር።

ሁለተኛ ምሳሌ ለባለ ሱቆች እንጨምር። አንድ ሰው 100,000 ብር በዘይት ላይ አውሎ በየሁለት ሳምንቱ እየሸጠ በየጊዜው በመቶ 4 ቢያተርፍ፥ በዓመት 26 ጊዜ ስለሚዘዋወር 104,000 ብር ያገኛል። ያንኑ ገንዘብ በመቶ 30 በሚያተርፍ፥ ነገር ግን በዓመት 2 ጊዜ ብቻ በሚሸጥ ዕቃ ላይ ቢያውለው የሚያገኘው 60,000 ብር ነው። ዐይን የሚያየው ሠላሳውን ነው፤ ትምህርት ግን ስንት ጊዜ እንደ ተዘዋወረ ያስቈጥራል።

ስለዚህ ለነጋዴዎቻችን የምናቀርበው ምክር አጭር ነው። ከልጆቻችሁ ወይም ከሠራተኞቻችሁ አንዱን በቀን ባይሆን በማታ የንግድ ትምህርት አስተምሩ። በየሳምንቱም ቅዳሜ ማታ የሽያጭ መሣሪያውን ወረቀት፥ የባንኩንና የቴሌብሩን ዝርዝር፥ በመደርደሪያው ላይ ያለውንም ዕቃ ቈጥራችሁ ሦስቱን አስተያዩ። የማይስማሙበትን ምክንያት ሳታገኙ አትተኙ። የተማረው ልጅ ጥያቄ ባነሣ ጊዜም «አንተ ምን ታውቃለህ» ብላችሁ ዝም አታሰኙት፤ የከፈላችሁለት የትምህርት ዋጋ የሚመለሰው በዚያች ጥያቄ ነውና።