ከመስቀል በኋላ ጓሮአችን ለምን ይራቆታል?



በአገራችን አቆጣጠር ዓመቱ በአራት ወቅቶች ይከፈላል። ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ክረምት፣ ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 መፀው፣ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25 በጋ፣ ከዚያ እስከ ሰኔ 25 ደግሞ ጸደይ ነው። ብዙ ሰው አደይ አበባ የሚፈነዳበትን ጊዜ ጸደይ ይለዋል፤ በሊቃውንቱ አከፋፈል ግን የአበባው ወቅት መፀው ነው። ይህን ያስቀደምሁት ስም ለማረም አይደለም። የዛሬው ትምህርታችን ከመፀው ወደ በጋ ስንሻገር በጓሮአችን ምን መሠራት እንዳለበት ስለ ሆነ ነው።

በጎንደርና በዙሪያዋ ያለውን ልማድ ሁላችንም እናውቀዋለን። ሰኔ ላይ ጎመን ይዘራል፤ በቆሎው በአጥሩ ጥግ ይቆማል፤ ዱባውም ይሳባል። ደመራው ተለኩሶ እሸቱ ከተበላ በኋላ ግን ጓሮው ለዶሮና ለፍየል ይለቀቃል። ለምን ቢባል መልሱ «ዝናቡ ሄደ» ነው። ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ሲገባ ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ ጎመንና ካሮት ፈላጊ ይሆናል። እናቶቻችን ዘንቢላቸውን ይዘው ቅዳሜ ገበያ ከአንዱ ነጋዴ ወደ ሌላው ይዞራሉ፤ መሬቱ ግን ከቤት ጀርባ ባዶውን ተኝቷል። ዝናብ መሄዱ እውነት ነው። የአትክልት ጊዜ አብሮት ሄደ ማለት ግን ስሕተት ነው።

እንዲያውም ለብዙ አትክልት ቀዝቃዛውና ደረቁ ወራት ከክረምቱ ይሻላል። ድንችን እንመልከት። ይህ ተክል የጥንት የአባቶቻችን ይመስለናል እንጂ ወደ ኢትዮጵያ የገባው እ.ኤ.አ. በ1858 ገደማ በጀርመናዊው የዕፀዋት ተመራማሪ በዊልሄልም ሺምፐር አማካይነት እንደ ሆነ ይነገራል። ዛሬ የዳባትና የደባርቅ ገበሬ ያለ እርሱ አይውልም። በክረምት ቅጠሉን አጥቁሮ የሚያደርቀው በሽታ የሚስፋፋው ቅጠሉ ከዝናብና ከጉም የተነሣ ርጥብ ሆኖ ሲቆይ ነው። በበጋ ውኃውን ከሥሩ ብቻ ካጠጣነው ቅጠሉ ደርቆ ስለሚውል በሽታው አቅም ያጣል። ነጭ ሽንኩርትም ራሱ ተከፋፍሎ ጥርስ እንዲያወጣ ቅዝቃዜ ይፈልጋል። በበጋ የሚበረታው ጠላት በጎመን ቅጠል ጀርባ የሚሰፍረው ክሽክሽ ነው፤ እርሱንም ገና በጥቂቱ ሳለ ቀለል ባለ የሳሙና ውኃ ማጠብ ይቻላል።

እንግዲህ መቼ እንዝራ? እኔ የምመክረው ከጾሙ ወደ ኋላ መቁጠርን ነው። ቆስጣና ሰላጣ ከተዘሩ ሁለት ወር ገደማ ቆይተው ቅጠላቸው ይለቀማል። ካሮትና ቀይ ሥር ሦስት ወር ያህል ይፈልጋሉ፤ ጥቅል ጎመን ችግኙ ከተዛወረ በኋላ እንዲሁ ሦስት ወር ይፈጃል፤ ነጭ ሽንኩርት ግን አራት ወይም አምስት ወር ነው። ስለዚህ መስከረም 10 የተዘራ ቆስጣ ጾመ ነቢያት ሲገባ ደርሶ ይጠብቃል። በመስከረም መጨረሻ የተዘራ ካሮት ከልደት በፊት ይነቀላል። ዐቢይ ጾም ደግሞ ከየካቲት 1 ቀድሞ፣ ከመጋቢት 5 ዘግይቶ እንደማይገባ ተምረናል። ስለዚህ በኅዳር የተዛወረው ጥቅል ጎመንና በጥቅምት የተተከለው ነጭ ሽንኩርት ለዚያ ጾም ይደርሳሉ። በደባርቅ በኩል ያላችሁ ቅዝቃዜው እድገትን ስለሚያዘገይ ሁለት ሦስት ሳምንት ጨምሩበት። ጎመንና ካሮት ዋጋቸው በገንዘብ ብቻ አይቆጠርም፤ ሕፃናትን ከዳፍንት የሚጠብቀው ቪታሚን ኤ ከእነርሱ ይገኛል። በጾም ወራት ወተትና እንቁላል በማይቀርብበት ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ጥያቄው ውኃ ነው። የጎንደር ከተማ ነዋሪ የቧንቧ ውኃ እንዴት እንደሚጠበቅ ያውቃል፤ የአንገረብ ግድብም ከዓመት ወደ ዓመት ደለል ሲሞላው ኖሯል። ለመጠጥ የተቀዳ ጀሪካን ለጎመን ይፍሰስ የሚል የለም። ግን ጎመን የታጠበበት፣ ምስርና ሽንብራ የተለቀለቀበት ውኃ በየቀኑ በደጃፍ ይደፋል፤ እርሱ ለሁለት መደብ ይበቃል። መደቡም እንደ ወቅቱ ይሠራ፤ በክረምት ውኃ እንዳይተኛበት ከፍ እናደርገዋለን፤ በበጋ ግን ውኃውን እንዲይዝ ከዙሪያው ዝቅ ማለት አለበት። አፈሩን በጭድ ወይም በደረቅ ሣር ከሸፈንነው ፀሐይ በቀላሉ አትመጠውም። ሌላም ብልሃት አለ። ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ወለቃ በሸክላ ሥራዋ የታወቀች ናት። ያልተሟሸ ትንሽ ማሰሮ ገዝታችሁ በመደቡ መካከል እስከ አንገቱ ቅበሩት፤ ውኃ ሙሉትና ክደኑት። ውኃው በሸክላው ቀዳዳ ጥቂት በጥቂት እየወጣ ሥሩን ያርሳል፤ ባዶ መሬት ላይ ፈስሶ የሚባክን የለም።

ለመሸፈኛና ለማዳበሪያ የሚሆነው ነገር በብዛት የሚገኘው በኅዳር ነው፤ የሚቃጠለውም በኅዳር ነው! በ1911 ዓ.ም. ኅዳር የዓለሙ የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ወደ አገራችን ገብቶ ብዙ ሕዝብ ፈጀ፤ «የኅዳር በሽታ» ተባለ። ኅዳር 12 ቀን ደጃፍን ጠርጎ ቆሻሻ የማጠን ልማድ ከዚያ ጋር የተያያዘ ነው። ጽዳቱ መልካም ነው፤ ልማዱም ይቀጥል። ነገር ግን የወደቀ ቅጠል፣ የበቆሎ አገዳና የጓሮ ሣር ቆሻሻ አይደለም። ስትጠርጉ ለዩት፤ ጉድጓድ ውስጥ ከፍግና ከአፈር ጋር እያነባበራችሁ ርጥበት ስጡት፤ በየጊዜው ገልብጡት። ከወራት በኋላ ብስባሽ ይሆናል። የምድጃ አመድም አይጣል፤ ችግኝ በሚቆርጠው ትል ላይ በሥሩ ዙሪያ በስሱ ይነስነስ።

አሁን ወደ ውርጭ እንምጣ፤ በደጋው ሰውን ከጓሮው የሚያስሸሸው ይህ ነውና። ጎንደር ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ውርጭ እምብዛም አያሰጋትም። ደባርቅ ግን 2,800 ሜትር አካባቢ ነው። ወደ ላይ በየ1,000 ሜትሩ ሙቀት 6 ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ የሁለቱ ልዩነት 4 ዲግሪ ገደማ ይሆናል፤ ይህች 4 ዲግሪ ቲማቲምንና በርበሬን በአንድ ሌሊት ለማጥቆር ትበቃለች። ደመና ለምድር እንደ ጋቢ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ሲል መሬት ቀን ያጠራቀመችውን ሙቀት ሌሊቱን ወደ ሰማይ ትለቃለች። ቀዝቃዛ አየር ደግሞ ከባድ ስለ ሆነ እንደ ውኃ ቁልቁል ይወርዳል፤ በረባዳው ይተኛል። ከቁልቁለቱ ግርጌ ያለ ጓሮ አመዳይ ለብሶ ሲያድር ጥቂት ከፍ ያለው የጎረቤቱ ጓሮ የሚተርፈው ለዚህ ነው። ስለዚህ ጎመን፣ ካሮትና ነጭ ሽንኩርት ቅዝቃዜን ስለሚችሉ በዝቅተኛው በኩል ይሁኑ፤ ድንችና በርበሬ ወደ ላይ፣ ወይም ቀን ፀሐይ በሞቀው የድንጋይ አጥር ሥር ይተከሉ።

ነፋሱ ጸጥ ብሎ ሰማዩ ኮከብ በኮከብ ሲሆን ውርጭ ይጠረጠራል። የዚያን ዕለት ጠዋት አፈሩን አጠጡ፤ ርጥብ አፈር ከደረቅ ይልቅ የቀኑን ሙቀት ይይዛልና። ማታ ቅጠሉን ማርጠብ ግን አያስፈልግም። ፀሐይ ሳትጠልቅ ጆንያ ወይም ሰሌን በእንጨት ላይ ዘርጉበት፤ ጨርቁ ቅጠሉን ባይነካ ይመረጣል። ሲነጋ ግለጡት። ውርጭ የመታውን ቅጠል በዚያው ቀን አትቁረጡ፤ ለቀጣዩ ሌሊት የታችኛውን ይጋርዳል፤ ልቡ ከተረፈ ተክሉ እንደገና ያቆጠቁጣል።

ከጎመኖቻችሁ መካከል ወፍራምና ጤነኛ የሆኑትን ሁለቱን መርጣችሁ ቅጠላቸውን ሳትለቅሙ ተዉአቸው። ቢጫ አበባ አውጥተው ዘር ይይዛሉ፤ ቆባው ሲደርቅ ጠዋት ጤዛው ሳይለቅ ይታጨዳል፤ ዘሩም በደንብ ደርቆ በጠርሙስ ይቀመጣል። ከሁለት ተክል የሚገኘው ዘር ለእናንተም፣ ጓሮ ኖሮአቸው ዘር ላጡት ለጎረቤቶቻችሁም ይበቃል።